ዋሱ ማን ነው? ያስያዘውስ?

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጎረቤታችን ጋሼ ጋቢያቸውን ደራርበው የዜና ሰዓት ሲደርስ እኛ ቤት ጎራ ማለት ለምደዋል። ባለፈው ስለ ዩክሬን እየተወራ «የደህንነት ዋስትና» የሚለው ነገር ደጋግሞ መጣ። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞረው «ዋሱ ማን ነው? ያስያዘውስ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተንታኝ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ግን አልሰማሁም። ያን ማታ በአጭሩ መለስኩላቸው፣ ለራሴ ግን አልበቃኝም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ዓመቱን የውጭውን በእነሱ (እ.ኤ.አ.)፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር (ዓ.ም.) አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እንያዘው። ዋስ ምስክር አይደለም። ምስክር ያየውን ተናግሮ ይሄዳል። ሽማግሌም አስታርቆ፣ መርቆ ይሄዳል። ዋስ ግን የትም አይሄድም፤ ዋስ የሆነለት ሰው ሳይከፍል ቢቀር ራሱ ይከፍላል፣ ቢጠፋ ራሱ ይጠየቃል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለአንድ ጓደኛዬ የብድር ዋስ ሆኜ ነበር። ቡና እየጠጣን «ችግር የለም፣ እኔ አለሁልህ» አልኩት፤ ይሄን ማለት ቀላል ነው። ከመሥሪያ ቤቴ የደሞዝ ደብዳቤ አጽፌ ስሄድ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሠራተኛዋ ውሉን ወደ እኔ አዙራ አንዷን መስመር በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካ አደረገቻት። «ተበዳሪው ካልከፈለ ከደሞዝዎ ይቆረጣል። አንብበው ይፈርሙ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጆቼ ትዝ አሉኝ፣ የቤት ኪራዩ ትዝ አለኝ፣ ከዚያ ፈረምኩ። አበዳሪዎቹ ጓደኛዬን ያመኑት በእኔ ደግነት ሳይሆን በዚያች መስመር ነው።

በአገሮች መካከል ያለውን ዋስትናም ስትመዝኑ ያቺን መስመር ፈልጉ። አለች? ከሌለች የተሰጠው የቡናው ላይ ቃል ነው።

አሁን ወደ ዩክሬን። ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ ዩክሬን መሬት ላይ ወደ 1,900 የሚጠጉ ረጅም ርቀት የሚወነጨፉ የኒውክሌር አረሮች ቀሩ። በቁጥር ከአሜሪካና ከሩሲያ ቀጥሎ ሦስተኛው ክምችት ነበር፤ የማስወንጨፊያው ቁልፍ ግን ሞስኮ ነበር። ዩክሬን እነዚህን ለሩሲያ እንድታስረክብ ተስማማች፣ በ1996 የመጨረሻው ተጭኖ ወጣ። በምላሹ ያገኘችው ታኅሣሥ 5 ቀን 1994 ቡዳፔስት ላይ የተፈረመ ወረቀት ነው። የፈረሙላት አሜሪካ፣ ብሪታንያና ራሷ ሩሲያ ናቸው። ወረቀቱ ነፃነቷንና ድንበሯን እናከብራለን፣ በኃይል አናስፈራራትም፣ በኒውክሌር ጥቃት ቢደርስባት ጉዳዩን ለጸጥታው ምክር ቤት ወዲያው እናቀርባለን፣ ጥያቄ ከተነሳም እንመካከራለን ይላል።

ጦር እንልካለን የሚል መስመር የለም። ቃሉ ራሱ እንኳ ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል። በዩክሬንኛውና በሩሲያኛው «ዋስትና» የሚለው ቃል ሰፍሯል፤ እንግሊዝኛው ግን ለስለስ ያለ፣ «ማረጋገጫ» ወደሚለው የሚጠጋ ቃል ነው የመረጠው። አሜሪካኖቹ ይህን ያደረጉት አስበውበት ነው፤ ዋስትና ካሉ ወታደር የመላክ ግዴታ ይመጣባቸዋል። አንዱ ዋስ አገኘሁ ብሎ ሄደ፣ ሌላው ምስክርነት ፈረምኩ ብሎ ሄደ።

በ2014 ሩሲያ ክራይሚያን ወሰደች። የካቲት 24 ቀን 2022 ደግሞ ሙሉ ወረራ ከፈተች። አሜሪካና ብሪታንያ ዝም አላሉም፤ መሣሪያ ልከዋል፣ ገንዘብ ልከዋል፣ ማዕቀብ ጥለዋል፣ ዩክሬንም ያን ያህል መቆም የቻለችው በዚያም ጭምር ነው። ጦር ግን አልላኩም፣ ወረቀቱም አያስገድዳቸውም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንላለን። ወረቀቱ እውነትም አልለቀቀም፣ የተጻፈበት ሁሉ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው። የለቀቀው የፈረመው እጅ ነው።

ይሄን ሳነብ የራሳችን ታሪክ ነው የታየኝ። ታኅሣሥ 5 በእኛ ኅዳር 26 ነው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ፣ ኋላ ለወረራው ሰበብ የሆነው ከጣሊያን ጋር የተደረገው የተኩስ ልውውጥ የተነሳበት ቀን ነው። ቡዳፔስት የተፈረመው ከወልወል ልክ 60 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን መሆኑ ነው። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን ካየሁት በኋላ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ኢትዮጵያ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በፊት የነበረው የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ነው። የማኅበሩ ውል 16ኛ አንቀጽ ዛሬ ሲያነቡት ያስደንቃል፦ ውሉን ጥሶ ጦርነት የከፈተ አባል ሌሎቹ አባላት ላይ ሁሉ ጦርነት እንደከፈተ ይቆጠራል ይላል። ከዚህ በላይ ምን ዋስትና አለ? በዚያ ላይ በ1920 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈርሞ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ማኅበሩ በቀናት ውስጥ ጣሊያን ውሉን ጥሳለች ብሎ ወሰነ። ማዕቀብም ተጣለ። ነገር ግን ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ ሆነ። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ወታደርና መሣሪያ የጫነው የጣሊያን መርከብ የማለፊያ ክፍያውን እየከፈለ አለፈ። ነዳጁ ቢቆም፣ ቦዩ ቢዘጋ ሙሶሊኒ ምን ያህል ይራመድ ነበር? ከጦርነቱ በፊት ደግሞ ብሪታንያና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ብለው ነበር። ለሁለቱም ሲባል እኩል ይመስላል፤ አንደኛው ግን መሣሪያውን በራሱ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ሌላው ከውጭ ካልገዛ የሌለው ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የምትወርዱ ሰዎች ጣርማ በርን ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ መኪናውን የሚውጥበትን ቦታ። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው የጣሊያን ጦር ያለፈው በዚያ ነው። የእኛ ሰዎች መንገዱን ቆርጠው አዘገዩት፣ አላስቆሙትም። ዛሬ የምናልፍበትን ዋሻ ኋላ ጣሊያን ቆፈረው። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ መንዝ በኩል ዘረት አካባቢ፣ አመጸኛ ዋሻ በሚባለው ቦታ የአበበ አረጋይ አርበኞች ከነቤተሰባቸው ተከበው የመርዝ ጋዝ ተጣለባቸው። የመርዝ ጋዝን የሚከለክል ዓለም አቀፍ ውልም ነበር፤ ጣሊያን ፈርማበታለች።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ፣ የማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆመው ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብለው ጠየቁ። ጉባኤው በቀናት ውስጥ ማዕቀቡ እንዲነሳ ወሰነ። መልሱ እሱ ነበር።

ዋሶቹ ለምን ከዱ? ክፋት ብቻ አድርገን ካየነው ነገሩ አይገባንም። ብሪታንያና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ካስቀየምነው ወደ ሂትለር ይሄዳል ብለው ፈሩ (ዞሮ ዞሮ ሄደ)። ከጣሊያን ጋር መዋጋትም አልፈለጉም። ሒሳብ ሠሩ፤ በሒሳባቸው ኢትዮጵያን ማዳን ከሚያስከፍላቸው ይልቅ ኢትዮጵያን መተው ቀለለ። ዋስትና ማለት እንግዲህ ይሄን ሒሳብ ቀድሞ መገልበጥ ነው፤ ዋሱ ሲጠራ አለመምጣቱ ከመምጣቱ የበለጠ እንዲከብደው አድርጎ ማሰር።

ከዋስትና ጎን ሌላ ነገር አለ፣ ጥቃትን ከመነሻው መግታት የሚሉት። መግታት ጦርነትን ማሸነፍ አይደለም። ባላጋራህ ቁጭ ብሎ ሲያስብ «ይሄስ ይቅርብኝ» እንዲል ማድረግ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ለዚህም ነው ሲሳካ የማይታየው።

ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ቅጣት ነው፦ ብትነካኝ ቤትህ ድረስ መጥቼ አሳይሃለሁ። ሌላው መከልከል ነው፦ ብትሞክርም አይሳካልህም። ገበሬ ዘመዶቼ ጃርትን አይወዱም፣ ድንቹን እየቆፈረ ይጨርስባቸዋል፤ ግን ውሻ እንኳ ጃርት ላይ ዘሎ አይገባም። ጃርት ማንንም አሯሩጦ አይነክስም። እሾሁ ብቻ ይበቃል። የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ዴር ላየን በ2025 ዩክሬን የብረት ጃርት መሆን አለባት ያሉት ይሄንን ነው፤ የአየር መከላከያ፣ ድሮን፣ ፈንጂ የተቀበረበት መስመር፣ የሠለጠነ ተጠባባቂ ጦር፣ ጥይት የሚያመርት ፋብሪካ።

እኔ ከሁለቱ መከልከሉን የበለጠ አምነዋለሁ። የቅጣት ዛቻ ተናጋሪው በችግር ሰዓት ይፈጽመዋል ወይ የሚል ጥርጣሬ ሁልጊዜ አለበት። በተለይ ባላጋራው ኒውክሌር ካለው ዋሱም ለራሱ ይፈራል። እሾህ ግን ያለ ማንም ፈቃድ ይወጋል።

ሌላው ቁም ነገር፣ የሚያስፈራው የቅጣቱ መጠን ብቻ አይደለም፤ እርግጠኝነቱ ነው። መንዝ ውስጥ ጓሳን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቀሮ በሚባለው የድሮ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጊዜ የጓሳው ሣር ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ የተመረጠ ኃላፊ ነበረው፣ ተጠቃሚው ሁሉ ጠባቂም ነበር። ማጭድ ይዞ ሊገባ ያሰበ ሰው የሚፈራው እንደሚታይና እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ። ሣሩ የሁሉም ነው ሲባል፣ የሚጠብቀው ግን ሲጠፋ፣ ማን ይፈራል?

የምዕራባውያኑን የጦር ቃል ኪዳን፣ ኔቶን፣ በዚህ ዓይን እዩት። አምስተኛው አንቀጽ አንዱ አባል ላይ የተቃጣ ጥቃት ሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቆጠራል ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ቀጥሎ ያለው ግን እያንዳንዱ አገር አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነበትን እርምጃ ይወስዳል የሚል ነው። ጦር መላክ ግዴታ ነው አይልም! እንደ ጽሑፍ ብቻ ካየነው ከመንግሥታት ማኅበሩ 16ኛ አንቀጽ ብዙም አይጠነክርም። ታዲያ አንዱ ሲከበር ሌላው ለምን ተናቀ?

ከጽሑፉ ጀርባ ባለው ነገር ነው። ኔቶ የጋራ አዛዥ አለው፣ የጋራ ልምምድ አለው፣ ቀድሞ የተሠራ የጦር ዕቅድ አለው። ከሁሉም በላይ ግን የዋሱ ልጆች እዚያው በር ላይ ያድራሉ። ከ2017 ጀምሮ ኢስቶኒያ ውስጥ ብሪታንያ፣ ላትቪያ ውስጥ ካናዳ፣ ሊትዌኒያ ውስጥ ጀርመን የሚመሩት ጦር ሰፍሯል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ሩሲያን ብቻውን አያቆምም። ግን ሩሲያ ከገባች የመጀመሪያው ቀን የሚሞቱት የለንደንና የበርሊን እናቶች ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ «እንመካከር» ብሎ መቀመጥ የለም። የጋሼ ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው፦ ያስያዙት ልጆቻቸውን ነው።

ኮሪያን ውሰዱ። አሜሪካ በ1949 ጦሯን ከደቡብ ኮሪያ አስወጣች። በ1950 መጀመሪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ እንከላከለዋለን ያለውን መስመር በአደባባይ ሲዘረዝር ኮሪያን ከመስመሩ ውጭ አደረጋት። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሰሜን ኮሪያ ወረረች። የጦርነቱ ምክንያት ይሄ ብቻ ባይሆንም በሩ ክፍት መምሰሉ ግን ግልጽ ነበር። በ1953 ተኩስ ከቆመ በኋላ ሁለቱ የመከላከያ ውል ተፈራረሙ፣ የአሜሪካ ጦርም ቀረ፤ ዛሬም ወደ 28,500 ወታደር እዚያ አለ። ደቡብ ኮሪያም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፣ ጠንካራ ጦር ገነባች። ከ70 ዓመት በላይ ሆነ፤ ሌላ ሙሉ ወረራ አልመጣም። የሰላም ውል እንኳ ሳይፈረም!

እዚያ የእኛም ደም አለ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6 ሺህ በላይ የቃኘው ወታደሮች ተራ በተራ ኮሪያ ዘምተዋል፣ ከ120 በላይ ሞተዋል። ኃይለ ሥላሴ ጦሩን የላኩት ጄኔቭ ላይ እሳቸው የተነፈጉት ነገር ለሌላው እንዲደርስ ነው። እኔ ይሄን ሳስብ እኮራለሁ፣ ያመኛልም።

ከዋስትና ዓይነት ሁሉ የከፋው ግን ግማሽ ቃል ነው። በ2008 ቡካሬስት ላይ ኔቶ ዩክሬንና ጆርጂያ አባል ይሆናሉ አለ። መቼ? አልተባለም። እስከዚያ ማን ይጠብቃቸዋል? አልተባለም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሩሲያ ጆርጂያ ገባች። እንዲህ ያለ ቃል ጎረቤቱን ያስቆጣል፣ ተስፋ የተሰጠውን ግን አያስጠልለውም። ጣሪያ ሳይመታ ግድግዳው ብቻ ቆሞ ክረምት እንደገባበት ቤት ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ ደግሞ በ2022 ኢስታንቡል ላይ በነበረው ድርድር ታየ። ዩክሬን ገለልተኛ ትሁን፣ በምትኩ ዋስ አገሮች ይኑሯት ተባለ። ሩሲያም ከዋሶቹ አንዷ እንድትሆን ነበር የታሰበው። ከዚያ ሩሲያ ዋሶቹ እርምጃ የሚወስዱት ሁሉም ሲስማሙ ብቻ ይሁን አለች። ሁሉም ማለት እሷንም ይጨምራል። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው «ቤቴን የሰበረው ሰው ፈቃዱን ካልሰጠ ጎረቤት አይድረስልኝ ነው?» አሉ። አዎ፣ እንደዚያ ነው።

ታዛቢም ዋስ አይደለም። እኛ ይሄን ከአልጀርስ ስምምነት በኋላ አይተነዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ቀጠና እስከ 4,200 የሚደርስ ጦር አሰፈረ። ሥራው ማየትና መዘገብ ነበር። ኤርትራ ነዳጅ ስትከለክለው መኪናው መንቀሳቀስ አቃተው፣ በ2000 ዓ.ም. ተልዕኮው ተዘጋ። ታዛቢ ይጠቅማል፤ ማን እንደተኮሰ ይታወቃል። ግን የተኮሰውን አያቆመውም።

አሁን ለዩክሬን ጠረጴዛ ላይ ያለውን እንይ። በ2024 ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ አሜሪካና ሌሎችም ከዩክሬን ጋር የ10 ዓመት የደህንነት ውል ተፈራርመዋል። ዳግም ጥቃት ቢነሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ተቀምጠን እንመካከራለን የሚል አለበት። ከቡዳፔስት ይሻላል፣ ጊዜ ተቆርጦለታል፣ የመሣሪያና የሥልጠና ዝርዝር አለው። ያቺ የደሞዝ መስመር ግን አሁንም የለችም።

ከዚያ መስከረም 2025 ፓሪስ ላይ 26 አገሮች ጦርነቱ ሲቆም ወይ ጦር ለመላክ ወይ በባሕርና በአየር ለመሳተፍ ቃል ገቡ። የሚመሩት ፈረንሳይና ብሪታንያ ናቸው። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት የአገሮቹ ብዛት አይመስለኝም። ወታደሮቹ የት ይቆማሉ? ግንባሩ አጠገብ ወይስ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው? ቢተኮስባቸው ይተኩሳሉ? ዩክሬን ላይ ቢተኮስስ? አሜሪካ ከጀርባቸው በምን በኩል ትገባለች?

በኅዳር 2025 የወጣው የአሜሪካ ባለ 28 ነጥብ የሰላም ሐሳብ ደግሞ የዩክሬን ጦር ከ600 ሺህ እንዳይበልጥ ይገድብ ነበር። አውሮፓውያኑ 800 ሺህ ይሁን አሉ። ቁጥሩ የቢሮ ጭቅጭቅ እንዳይመስላችሁ። ዋስ በመጀመሪያው ሌሊት አይደርስም። እስኪደርስ የሚቆመው ባለቤቱ ነው። በ1928 ዓ.ም. የእኛ ሰዎች ጣርማ በር ላይ መንገድ ቆርጠው ያቆዩት ጥቂት ጊዜ ነው፣ የሚደርስ ግን አልነበረም። ዩክሬን ደግሞ የሚደርስላት ቢኖር እንኳ እስኪደርስ የሚያቆያት ጦር ያስፈልጋታል። ከተወረረው አገር እጅ ላይ መሣሪያ እየቀነሱ ዋስትና እንሰጥሃለን ማለት፣ ለእኔ፣ እሾሁን ነቅለህ ስጠኝና እኔ እጠብቅሃለሁ እንደማለት ነው።

ባለፈው እሁድ ጋሼ እንደለመዱት መጡ፣ ይሄን ሁሉ አወራኋቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ልጆቻቸውን የሚያስይዙት መቼ ነው?» አሉ።

«ተኩስ ከቆመ በኋላ ነው የሚሉት» አልኳቸው።

«ተኩሱን የሚያቆመው ማን ነው?»

«አንደኛው ወገን ሩሲያ ነው።»

«እና የእነዚህ ጦር እንዳይገባ ከፈለገ ተኩሱን አለማቆም ነዋ!»

አውሮፓውያኑ ራሳቸው እስካሁን ያልፈቱት ቋጠሮ ይሄ ነው። ሩሲያ የኔቶ አገሮች ወታደር ዩክሬን ውስጥ እንዲሰፍር አልቀበልም ብላለች፤ ዋሶቹ ደግሞ ተኩስ ሳይቆም አንገባም ይላሉ። ለጋሼ የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር፣ ቀዳሁላቸው።